የጋሼን መዝገብ ያጠፋሁበት ዓመት

ጋሼ ኮምፒውተሩን ቀኑን ደጋግመው መጠየቅ የጀመሩት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም ሰው ይጠይቃል። ዴት የምትባል አጭር ትዕዛዝ አለች፤ ሲጽፏት ማሽኑ የዛሬውን ቀንና ሰዓት ይናገራል። እሳቸው ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈዋታል። አሥራ አንድ ጊዜም ማሽኑ ማክሰኞ ነው ብሏቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሎጋቸውን፣ ማለትም የሥራ መዝገባቸውን፣ ሳነብ አየሁትና ሳቅኩ። ጋሼን ደግሞ ዛሬ ምን ነካቸው ብዬ አለፍኩት። ስለዚህ ነገር የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩምም። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።

ጋሼ የምላቸው ዘመዴ ስለሆኑ አይደለም። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ አገር የገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ኦክላንድ ብቻ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ በዲቪ የመጣሁ ነኝ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት፣ አይቲ ክፍል ነበርኩ፤ እዚህ ስመጣ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ገፋሁ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቃለች ይሉሻል። እውነት ነው?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ወይ ታውቂያለሽ፣ ወይ አታውቂም።»

«አውቃለሁ» አልኩ፣ ደሜ ፈልቶ። በወሩ ሳን ሆዜ፣ እሳቸው የሚሠሩበት ቢሮ ገባሁ። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነው። የጥርስ ክሊኒኮችን ፋይል በየቀኑ ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ ነው ሥራው። የኛ ክፍል ጋሼና እኔ ነን፤ ጠዋት ኮፒው መውጣቱን ማየት፣ ያልወጣውን እንደገና ማስኬድ፣ ሲበላሽ ማስተካከል። በዚህ ሥራ ማንም ሰው ዝነኛ አልሆነም።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ መመዝገብ ነው። እሳቸው ሥራውን የጀመሩት ማሽን ጠባቂ የሠራትን እያንዳንዷን ነገር በእጁ ደብተር ላይ በሚያሰፍርበት ዘመን ነው። ደብተሩ ቀረ፤ ልማዱ አልቀረም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በቀን ሦስቴ ይሉታል። አንዳንዴ ኧረ ጋሼ ሰማንዎት ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል።

«ኮማንድ ሁለት አፍ አለው» ብለው ነው ያስረዱኝ። «በአንዱ መልሱን ይሰጥሻል፤ በሌላው ያጉረመርማል። ስክሪኑ ላይ ተቀላቅለው ስለሚወጡ አንድ አፍ ይመስልሻል። ለያያቸው።» መልሱን ወደ አንድ ፋይል፣ ጉርምርምታውን፣ ማለትም ኤረሩን፣ ወደ ሌላ ፋይል መምራት ይቻላል። የሚመራው ቀስት የምትመስል አንዲት ምልክት ናት። ምልክቷ አንድ ከሆነች ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አጥፍታ እንደ አዲስ ትጽፋለች። ሁለት ሆነው ከተደረደሩ የድሮውን ሳይነኩ ከሥሩ ይጨምራሉ። ሌላም መሄጃ አለ፤ ነል ይባላል። እዚያ የተላከ ነገር የትም አይቀመጥም፣ አይመለስም፣ ማንም አያየውም። ጋሼ ነልን አይወዱትም ነበር። «ኤረሩን ወደ ነል የሚልክ ሰው ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው» ይሉ ነበር።

የሳቸው ሎግ የዓመቱ ሁሉ በአንድ ፋይል ነው። የሚጽፉትን ትዕዛዝና ማሽኑ የሚመልሰውን የሚመዘግብ ስክሪፕት፣ ትንሽ ፕሮግራም፣ ራሳቸው ሠርተዋል፤ ጠዋት ይከፍቱታል፣ ሊወጡ ሲሉ ይዘጉታል፣ በመሃል የሚጻፈው ሁሉ በሁለት ቀስት እዚያው ከትናንቱ ሥር ይገባል። ኤረሮቹ ለብቻ ተሰብስበው አርብ አርብ ለማናጀራችን በኢሜል ይሄዳሉ። ማናጀራችን ወጣት ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን ኤረር ካየ ይጠይቃል።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ሎጉን በየቀኑ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ፎልደር ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እዚያ ምን ሊያደርጉ እንደገቡ ጠፍቷቸዋል። ሃያ ዓመት የጻፉትን ትዕዛዝ ፊደል ይገድፋሉ። አንድ ሐሙስ ደግሞ፣ ኮማንድ በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በአማርኛ «የት ሄደ» ብለው ጻፉ። ማሽኑ እንዲህ የሚባል ኮማንድ አላውቅም አላቸው። እንደገና «የት ሄደ» አሉት። አላውቅም አላቸው። አራት ጊዜ። አምስተኛው ላይ «እባክህ» የምትል ቃል ጨምረዋል።

ያን ሳነብ ጋሼ አጠገቤ ብርቱካን እየላጡ ነበር። ግማሹን ሰጡኝ፤ በላሁ።

ራሳቸውን እያጡ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ድካም አልነበረም፣ እርጅና ብቻም አልነበረም። ያ ሁሉ «የት ሄደ» ኤረር ሆኖ በማግስቱ አርብ ለማናጀሩ ሊሄድ ነው። የሰው ገመና እጄ ላይ ወደቀ። የአባትን ገመና ያየ ልብሱን ጥሎ ይሸፍናል እንጂ ኑ እዩ ብሎ ጎረቤት አይጠራም፤ ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው፣ አስቤበት ያደረግኩት አይደለም። ስክሪፕታቸውን ከፈትኩ። የሳምንቱን ኤረር አጥፍቼ፣ ኤረሩ ይሄድበት በነበረው ፋይል ስም ምትክ ነል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሎጉ የሚጻፍበትን መስመር አየሁ። ሁለት ቀስት። አንዷን አጠፋሁ።

አንዲት ቁልፍ አንዴ መጫን ነው። ከነገ ጀምሮ የየቀኑ ሎግ የትናንቱን እያጠፋ ይጻፋል ማለት ነው። ነገ ጠዋት ሲከፍቱት የዓመቱ በሙሉ እንደሚሄድም አውቅ ነበር። በስህተት ነው እንዳልል አውቄ ነው። የሰውን ጥርስ ፎቶ ሦስት ቦታ ኮፒ የምናደርግ ሰዎች የራሳችንን ሎግ የትም አናስቀምጥም ነበር፤ ስለዚህ የሚመለስበት መንገድ የለም። ሴቭ አድርጌ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ። ምንም አልተሰማኝም። ጠንካራ ሴት ነኝ ብዬ አሰብኩ። አይ እኔ!

በሳምንቱ አንድ ጠዋት ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፋይሉን ወደ ላይ ወደ ላይ ሲገፉ አየኋቸው። ወደ ላይ የሚገፋ ነገር አልነበረም፤ ባዶ ነው።

«ልጄ፣ ትናንት ሥራ አልገባንም እንዴ?»

«ገብተናል፣ ጋሼ።»

«ሎጉ ላይ የለም።»

«ማሽኑን አፕዴት ሲያደርጉት ነው የጠፋው» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ባዶውን ስክሪን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ገባኝ። ጠዋት ጠዋት ሎጉን የሚያነቡት ትናንት ምን እንዳደረጉ ለማወቅ ነበር። ራሳቸውን የሚይዙበት ገመድ እሱ ነበር፤ እኔ ቆረጥኩት። ያንኑ ሰዓት ቀስቷን መመለስ እችል ነበር። ነገ እመልሳታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ሰው አይቶ ቢያነብስ አልኩ። ከዚያ ማሰቡንም ተውኩት።

ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። ምሳ ሲወጡ በሳቸው ወንበር እቀመጣለሁ፤ ያበላሹትን አስተካክላለሁ፣ የዘለሉትን እሠራለሁ። ፓስዎርዳቸውን እኔ እይዛለሁ። ማናጀሩ አንድ ነገር ሲጠይቃቸው ከአፉ ነጥቄ እመልሳለሁ፤ ሰውዬው ነገረኛ ናት ሳይለኝ አልቀረም። አንድ አርብ መጥቶ «የናንተ ክፍል ዜሮ ኤረር ነው፤ ግሩም!» ብሎ አመሰገነን። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉና «ዲሲፕሊን ነው» አሉት። ደስ ብሏቸው ስለነበር እኔም ደስ አለኝ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

መኪናውም እንዲሁ። ከኦክላንድ አብረን ነበር የምንመጣው፣ እሳቸው እየነዱ። አንድ ጠዋት ከሃይዌዩ መውጫችንን አልፈው ሄዱ፤ ቀጣዩንም አለፉ፤ የማላውቀው ሰፈር ውስጥ ዞረን ዞረን አንድ ሰዓት አርፍደን ገባን። በማግስቱ «ጋሼ፣ ሃይዌይ ላይ መንዳት እፈራለሁ፤ እባክዎ ያለማምዱኝ» አልኳቸው። የፈሪ ወሬ! ስድስት ወር ሙሉ በዚያው መንገድ ምግብ ዴሊቨር ያደረግኩ ሰው ነኝ። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ ነዳሁ፣ እሳቸው አለማመዱኝ። «ሚረርሽን እዪ»፣ «አትቸኩዪ»፣ «ጎበዝ!» ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይሰለቹ አለማመዱኝ።

ለባለቤታቸው ለእትዬ ልንገር ብዬ አስቤ ነበር። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ እንዴት ናቸው፣ እትዬ?»

«ደህና ናቸው። ሥራው በዝቶባቸው ነው እንጂ።»

ዐይናቸውን ከዐይኔ አሸሹ። ያውቃሉ። እኔም እንደማውቅ አወቁ።

«አዎ፣ ሥራ በዝቷል» አልኩ።

ልጃቸው ከጎናችን ቆማ ነበር። እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ ዳውንታውን ኦክላንድ ቢሮ የምትሠራ፣ ሠላሳ የሞላት ሴት ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። «ደህና አይደለም» አለች ጮክ ብላ፣ በእንግሊዝኛዋ።

«አንቺ ዝም በዪ! በሰው ፊት አባትሽን አታዋርጂ!» አሏት እትዬ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ቀኑን ሙሉ አብረሽው ነሽ። ሥራ ቦታ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሂ ኢዝ ፋይን» አልኳት። በእንግሊዝኛ ሲዋሹ አፍ አይከብድም። ልጅቷ ትንሽ አየችኝና ሄደች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ግን ማን እንደኛ ይደብቃል? እትዬ እጄን ጨበጥ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ለምን እንዳመሰገኑኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

የተገለጠው እኔ በሌለሁበት ቀን ነው። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ነበረኝ። ከአንድ ቀን በፊት «ነገ አልመጣም፤ እርስዎም እቤት ይረፉ፤ ከማናጀሩ ጋር ጨርሻለሁ» ብያቸው ነበር። «እሺ» ብለውኝ ነበር። በማግስቱ ለብሰው ወጡ፣ ትርፍ ቁልፍ አውጥተው ነዱ። ሳን ሆዜ ጎን፣ ካምቤል ውስጥ፣ አንድ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ሆኖ ተገኙ። ጠዋት እንደገቡ ከቀትር በኋላ ድረስ እዚያው ነበሩ። የሱቁ ሠራተኛ ናት አይታ ፖሊስ የጠራችው። ማንም አልተጎዳም። እኔ ያን ሰዓት የፕሬዚዳንቶችን ስም እየመለስኩ ነበር። አለፍኩ።

በሳምንቱ ልጃቸው ኮል አደረገችልኝ። በምሳ ሰዓት ዳውንታውን፣ አውቶቡስ ፌርማታው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተገናኘን። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው ያወራችኝ፤ እንዲህ ስትታገል ሰምቻት አላውቅም።

«ዶክተሯ መቼ እንደጀመረ ትጠይቃለች። እማዬ ባለፈው ሳምንት ነው ትላለች። አባዬ ግን ሁሉን ነገር ይጽፋል፣ አይደል? ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሎግ፣ ሎግ ሲል ነው የማውቀው። ያን ስጪኝ። ፕሊስ።»

«አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው» አልኳት። «የመጨረሻው ቀን።»

«ሌላውስ?»

«አጠፋሁት።»

ሁሉንም ነገርኳት። ማክሰኞውን፣ «የት ሄደ»ን፣ ነሉን፣ ቀስቷን፣ መኪናውን። ድምፄ የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር፤ ራሴን ስሰማው ይሰቀጥጠኝ ነበር፣ ግን ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም። ሳታቋርጠኝ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ያን እሁድ ጠይቄሽ ነበር።»

«አዎ።»

«አየሁ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እማዬ ደግሞ ሐኪም የሚያስፈልግሽ አንቺ ነሽ አለችኝ። እና ሄድኩ። ሄጄ ስለ እኔ ጭንቀት ስድስት ወር አወራሁ።» ማልቀስ ጀመረች። «ለምን?»

«ለሳቸው ብዬ ነው። እንዳይዋረዱ።»

«እሱ ደብቂልኝ አለሽ?»

አላሉኝም። አንድም ቀን ደብቂልኝ አላሉኝም። እንዲያውም መደበቅ የሚጠሉ ሰው ነበሩ። ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ ከኋላው የተከተለው ነገር የለም። እሷ እያለቀሰች እኔ የሚያልፈውን አውቶቡስ ቁጥር አነብ ነበር። እንዲህ ደንዝዣለሁ። የምጽፈውም ይቅር እንዲባልልኝ አይደለም፤ የሆነውን የሚያሳይ ሌላ መዝገብ ስለሌለ ነው።

ተነስታ ትሄዳለች ስል አልሄደችም። አፍንጫዋን ጠርጋ ስለ አንድ ፎርም ነገረችኝ። ሰው አእምሮው ሳይደክም በፊት ራሱ የሚሞላው ወረቀት ነው፤ ሲብስብኝ የት ልኑር፣ ማን ይወስንልኝ፣ ሐኪሞች ምን ያድርጉልኝ፣ ምን አያድርጉብኝ። ዶክተሯ ከወራት በፊት ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ይመልሱት ነበር ብላለች። አሁንም ይሞከር፤ ካልገባቸው ግን ሌላ ሰው ሊወስንላቸው ነው። «ቅዳሜ ነይ» አለችኝ። «አንቺ ስትኖሪ ይረጋጋል።» በፍቅር አልነበረም ያለችው። ስለምጠቅም ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጋሼ ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «መጣሽ? ነይ፣ እዚህ ጎኔ!» አሉኝ። ስሜን አልጠሩኝም፤ የጠፋቸው ይመስለኛል። እትዬ በሩ ጋ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ልጅቷ ፎርሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በርከክ አለች። ለጥያቄው አማርኛውን አጥንታ ነበር የመጣችው፤ እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብላ አለችው።

«አባዬ፣ አንድ ቀን በጣም ብትታመም፣ እኛን ባታውቀን፣ የት መሆን ትፈልጋለህ? እቤት? ወይስ ሌላ ቦታ? አንተ የፈለግከውን ነው የምጽፈው።»

ጋሼ በጥሞና ሰሙ። ፊታቸው የገባቸው ሰው ፊት ነው። አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷን ጠይቂያት» አሏት። «የኔን ነገር ሁሉ እሷ ታውቃለች።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እትዬም አዩኝ። በቀን ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ፣ ስምንት ወር፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አእምሯቸው ጥርት የሚልባቸው ስንት ጠዋቶች ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

«አላውቅም፣ ጋሼ» አልኩ።

እሳቸው አልሰሙኝም። ፈገግ እንዳሉ፣ እንድመልስላቸው ይጠብቁኛል።